የአሮጌ መኪና ፍሬንና ሞተር ጥገና በዓባይ በረሃ መንገድ

የአሮጌ መኪና ፍሬንና ሞተር ጥገና ሲባል የመኪናው ባለቤት ወይም ሾፌር ራሱ፣ በግቢው ወይም በመንገድ ዳር፣ በእጅ መሣሪያዎች የሚያከናውነው ፍተሻ፣ ማስተካከልና ዕቃ መቀየር ነው። ሥራው በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ቢመስልም የመሬቱ አቀማመጥ ይለውጠዋል። ይህ ጽሑፍ በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስና በደጀን አካባቢ ያለውን ሁኔታ ይመለከታል። በዚያ አካባቢ የሚኖር መኪና ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ስላለበት፣ በሜዳ ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆይ ጉድለት እዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገለጣል።

መንገዱ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአብዛኛው ሜዳማ ነው። ከደጀን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይገባና ከወንዙ ማዶ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጎሃ ጽዮን ላይ ይወጣል። በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ ርቀት ውስጥ መኪናው 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ይህም በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ቁልቁለት ማለት ነው።

በወንዙ ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ድልድይ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነበር። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ከጎኑ ተመረቀ። የሸለቆው አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይጎረብጣልም። ስለዚህ ሾፌሩ ከቁልቁለቱ በተጨማሪ በጉብታና በከባድ መኪና ምክንያት ደጋግሞ ፍሬን መያዝ ይገደዳል።

መኪናዎቹ

በኢትዮጵያ በአሮጌነታቸው ከሚታወቁት የቤት መኪናዎች ውስጥ በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለው ቮልስዋገን፣ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲነቱ የሚታወቀው ላዳ፣ እንዲሁም «ዲኤክስ» በሚለው ስሙ የሚጠራው ቶዮታ ኮሮላ ይገኙበታል። ሦስቱም ካርቡራቶር ያላቸው፣ ኮምፒውተር የሌላቸው፣ በቁልፍና በካቻቢቴ የሚፈቱ መኪናዎች ናቸው።

የስፖርት መኪና የሚወድ አንባቢ እነዚህን መናቅ የለበትም። ካርማን ጊያ የተባለው የቮልስዋገን የስፖርት መኪና የተሠራው በቮልሱ ሻንሲና ሞተር ላይ ነው። ላዳ 2101 ደግሞ የፊያት 124 ዝርያ ሲሆን፣ ከዚያው ከፊያት 124 ክፍት ጣሪያ ያለው ፊያት 124 ስፓይደር የተባለ የስፖርት መኪና ወጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ልዩነት ከዚህ ርዕስ ጋር ይገናኛል። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ላዳ ግን ለጭቃና ለመጥፎ መንገድ ሲባል የኋላው ወደ ታምቡር ተቀየረለት። የቮልሱን ወይም የላዳውን ፍሬን ፈትቶ መግጠም የቻለ ሰው በስፖርት መኪናዎቹ ላይ የሚገጥመው ሥራ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

እነዚህ መኪናዎች እስከ ዛሬ የሚጠገኑበት ምክንያት ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታውቋል። ያለውን መኪና ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው አማራጭ ሆኗል።

የጋራዥ ቋንቋው በአብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላና ፎሌ ሁሉም የዚያ ቋንቋ ልጆች ናቸው። መጽሐፍ የሚያነብ ጀማሪ «ሲሊንደር ሄድ» ብሎ ሲጠይቅ ዕቃ ሻጩ ላይገባው ይችላል፤ «ቴስታታ» ሲል ግን ወዲያው ይግባባሉ።

ቁልቁለቱ ስንት ሙቀት ይፈጥራል?

ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚቀይር መሣሪያ ነው። በሜዳ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፤ በመካከሉ ታምቡሩ ይቀዘቅዛል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን የማቀዝቀዣው ጊዜ የለም።

ሒሳቡ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ይሠራል። ከነተሳፋሪው 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ 1,000 በ9.8 በ1,400 ሲባዛ፣ 13.7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። አራቱ የፍሬን ታምቡሮች በድምሩ 25 ኪሎ ብረት ናቸው እንበል። ያ ሁሉ ሙቀት በእነርሱ ብቻ ቢጠራቀምና ምንም ባይቀዘቅዙ ሙቀታቸው ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋ ነበር፤ ይህም የታምቡር ብረት የሚቀልጥበት መጠን ነው።

በእውነቱ እዚያ አይደረስም። ከፊሉን ጉልበት የአየር ግፊያና የጎማ ልፋት ይወስዱታል፣ ታምቡሩም ለአየር ሙቀት ይሰጣል። ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበት ግን ሞተሩ ነው። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ጉልበት በግማሽ ሰዓት ሲካፈል 7.6 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞር ትንሽ ሞተር የዚህን ከፍተኛ ክፍል በራሱ ሰበቃና አየር በመሳብ ድካም ሊይዝ ይችላል። ዳገቱን በምን ማርሽ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሾፌር በዚያው ማርሽ ይወርዳል የሚለው የቆየ ደንብ መሠረቱ ይኸው ነው። ማርሹ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ደጀን ወይም ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ነው። ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ወደ ታች ማርሽ ማስገባት ይከብዳል፤ ካልገባ ደግሞ መኪናው ያለ ሞተር እርዳታ ይቀራል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ልማድ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ነው። በካርቡራቶር መኪና ላይ የሚቆጠበው ነዳጅ እጅግ ትንሽ ነው። በምትኩ 7 ኪሎ ዋቱ በሙሉ በሸራው ላይ ይወድቃል።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ ታምቡሩ ሲሞቅ ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ከወትሮው ይበልጥ ወደ ታች ይሄዳል። ሁለተኛ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አይቆምም፣ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ሦስተኛውና የከፋው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። ፈሳሽ በግፊት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ዘይቱ በጎማው ሲሊንደር ውስጥ ሲፈላ ሾፌሩ የሚረግጠው እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚከሰተው በመውረድ ላይ ሳይሆን ትንሽ ቆሞ ከተነሱ በኋላ ነው። መኪናው ሲቆም ነፋሱ ይቀራል፣ በታምቡሩና በዲስኩ ያለው ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በመሐል ቁልቁለት ፎቶ ለማንሳት ለአሥር ደቂቃ የቆመ መኪና ፍሬኑ እንደነበረ ነው ብሎ መነሳት አያስተማምንም። ከመነሳት በፊት ፔዳሉን ረግጦ መፈተሽ ያስፈልጋል። የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋትም አይመከርም፤ ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የፍሬን ዘይት

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ዕቃ ይህ ነው። ሸራ ሲያልቅ ይጮኻል፣ ዘይት ግን ሲበላሽ ድምፅ የለውም። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በገባበት መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት የሳበው ግን 140 ዲግሪ ብቻ። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚያገለግለው ጠርሙሱ በተከፈተበት ሰሞን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በመደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ዘይት ለዓባይ በረሃ አይሆንም።

በአጠቃላይ የሚመከረው ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው። በጎጃም ደጋ ክረምቱ ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ለውጡን ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ማድረግ ያስኬዳል። ዶት 3 እና ዶት 4 ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ግን ከሁለቱ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት በፍሬን ዕቃ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል። ከዚያ በኋላ ማጠብ አያድነውም፤ ጎሚኒው በሙሉ መቀየር አለበት።

ዘይቱ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ወይ ሸራው እያለቀ ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። መሙላት ብቻውን ጥገና አይደለም። በተለይ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በፊት በተሠሩ ብዙ ቮልሶች ላይ አራቱም ጎማ በአንድ መስመር የተያያዘ ስለሆነ አንዲት ቱቦ ስትፈስ መኪናው በሙሉ ያለ እግር ፍሬን ይቀራል። ላዳና ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሏቸው። የእጅ ፍሬን በገመድ ስለሚሠራ ከዘይቱ ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህም የእጅ ፍሬኑን ማስተካከል የመቆሚያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

የታምቡር ፍሬንን ፈትቶ ማየት

ሥራው የሚጀመረው መኪናውን በማስደገፍ ነው። ያልተነሱት ጎማዎች ፊትና ኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ። ክሪክ መኪና ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት አይታመንም፤ ከተነሳ በኋላ ሻንሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይገባል። ብሎኬት ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ወፍራም ግንድ ይሻላል። የኋላ ጎማ ከሆነ የሚፈታው የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ ታምቡሩ አይወጣም።

በቮልስ ላይ የኋላው ታምቡር የሚያዘው በአንድ ትልቅ ባለ 36 ዳዶ ነው። ዳዶው የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ለንጽጽር ያህል 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢቆም የሚፈጥረው ኃይል ነው። ይህ ዳዶ መፈታትና መጥበቅ ያለበት መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ነው፤ በክሪክ ላይ ያለ መኪናን እንዲህ መታገል ሊጥለው ይችላል። ሲገጠም የመቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶው ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡ በጥቁር ዱቄት ተሞልቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ በአፍ ወይም በኮምፕረሰር እፍ ማለት የቆየና መጥፎ ልማድ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበራቸው፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ካንሰር ያስከትላል። ዱቄቱ በውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም ይጣላል።

ከዚያ የሚታዩት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ሸራው ከ2.5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ይቀየራል። ሸራው በሪቬት የተያዘ ከሆነ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ገጽ በታች መሆን አለበት፤ ብረት ከብረት ጋር ከተነካካ ታምቡሩን ያርሰዋል። በብዙ ከተሞች የድሮውን ብረት ይዞ ሄዶ አዲስ ሸራ ማስመታት ወይም ማስለጠፍ ይቻላል። ሥራው ጥሩ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሆኖም በአንድ አክስል ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ሸራ መሆን አለበት። የአንዱ ጎን ሸራ ከሌላው የተለየ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ያም በገደል ዳር መንገድ ላይ የሚመረጥ ነገር አይደለም። የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒ በጣት ገለጥ ተደርጎ ይታያል፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሲሊንደሩ እያለቀሰ ነው። ሞላዎቹ ላልተው ወይም ዝገው ከሆነ ርካሽ ዕቃ ስለሆኑ አብረው ይቀየራሉ።

ከተገጠመ በኋላ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ያለው ርቀት ይስተካከላል። በቮልስ ላይ ይህ የሚደረገው በትንሽ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ባለ ጥርስ ማስተካከያውን በማዞር ነው። ጎማው እስኪያዝ ድረስ ይጠበቅና በነጻነት እስኪዞር ጥቂት ጥርስ ይመለሳል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ፍሬን ሳይረገጥ እየታሸ ይሄዳል፤ ወደ ደጀን ሲደርስ ታምቡሩ ቁልቁለቱን የሚጀምረው ቀድሞ ግሎ ነው። ሜዳማውን 70 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ደጀን ላይ ሲቆሙ እጅን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ማስጠጋት (ሳይነኩ) የትኛው እንደጠበቀ ይናገራል።

አየር ማስወጣት

የዘይት መስመሩ ከተከፈተ አየር ይገባል፤ የገባው አየር ልክ እንደ እንፋሎት ስለሚጨመቅ መውጣት አለበት። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ በተለምዶ አንዱ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል። በግራ መሪ መኪና ከዋናው የፍሬን ፖምፓ በጣም የራቀው ጎማ የቀኝ ኋላ ስለሆነ ከዚያ ተጀምሮ ወደ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻም ግራ ፊት ይመጣል።

በአየር ማስወጫው ቡሎን ላይ ስስ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፣ ሌላኛው ጫፍ ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ከታች ያለው ቡሎኑን ሩብ ዙር ይከፍታል፤ አየርና ዘይት ይወጣል፤ ቡሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ረዳቱ እግሩን ያነሳል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። በመካከሉ የላይኛው ዕቃ እንዳይጎድል መከታተል ያስፈልጋል፤ ባዶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። በጠርሙስ የተጠራቀመው ዘይት ንጹሕ ቢመስልም ተመልሶ አይገባም። በቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በውኃ ይታጠባል።

ሞተሩ በደጋ

በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዚህ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይከተላል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በክብደት ስለሚያንስ ጉልበቱ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ካርቡራቶር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በባሕር ወለል የተስተካከለ ጂግለር (የነዳጅ መለኪያ ቀዳዳ) በዚህ ከፍታ ከሚገባው ከ10 በመቶ በላይ የበዛ ነዳጅ ይሰጣል። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላና የሚበዛ ፍጆታ ነው። በሚኒሞ (ሳይረገጥ በሚዞርበት) ያለውን ድብልቅ በካቻቢቴ ማስተካከል ቀላል ነው፤ በመንገድ ላይ ያለውን ግን የሚወስነው ዋናው ጂግለር ነው።

አነስተኛ ጂግለር መግጠም መፍትሔ ይመስላል፤ በጎጃም ግን ወጥመድ አለው። በ2,400 ሜትር ልክ የሆነ ጂግለር በዓባይ ድልድይ፣ በ1,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ነዳጅ ያንስበታል። ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ሞተሩን ያግላል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት፣ በቀስታና በሙቀት ዳገት በሚወጣበት በዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚመላለስ መኪና ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ ነዳጅ ቢበዛበት ይሻላል።

ሌላው ስህተት የኮምፕሬሽን መለኪያ ንባብ ነው። የመለኪያው ቁጥር ከውጭው አየር ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። የመኪናው መጽሐፍ 10 ባር የሚል ከሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ጤነኛ ሞተር 7.5 ገደማ ያሳያል። ይህን ያላወቀ ሰው «ፋሻው አልቋል» ተብሎ ያልታመመ ሞተር ሊያስፈታ ይችላል። ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ይመረጣል፤ ሦስቱ ተመሳስለው አንዱ በጣም ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው። በፍሬን በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ሰርቮ ያለው መኪና እርዳታውን የሚያገኘው ከውጭው አየር ግፊት ስለሆነ በደጋ እርዳታው በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ፔዳሉም ጠንከር ይላል።

ባለቤቱ ራሱ በየጊዜው ሊያደርገው የሚገባው ማስተካከል ሁለት ነው። የቫልቭ ክፍተት በቮልስና በላዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው (በቀደሙት ቮልሶች 0.10)። ለቀላል ትዝታ ያህል፣ የሚጮኽ ቫልቭ ክፍተቱ በዝቶ ነው፤ ዝም ያለው ግን ጠብቆ ሊሆን ይችላል። የጠበቀ ቫልቭ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን አያስተላልፍም፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሁለተኛው በዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው ፑንቲና ነው፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደረጋል። የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱ ሰዓት አብሮ ስለሚለወጥ ቅደም ተከተሉ ፑንቲና መጀመሪያ፣ ሰዓት በኋላ ነው።

ከድልድዩ ወደ ላይ

በሸለቆው ግርጌ ሙቀቱ ከደጋው እጅግ ይበልጣል። ሞተሩ ላይ በቀጥታ የተገጠመ የነዳጅ ፖምፓ ያላቸው መኪናዎች ዳገት ሲጀምሩ ቤንዚኑ በፖምፓው ወይም በቱቦው ውስጥ ሊተን ይችላል። ሞተሩ ነዳጅ እንደጨረሰ ሁሉ ይንተፋተፍና ይጠፋል። መፍትሔው ኮፈኑን ከፍቶ መጠበቅ ወይም በራሰ ጨርቅ ፖምፓውን ማቀዝቀዝ ነው። ጨርቁ ከመጋለብ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መምታት ባትሪ ይጨርሳል እንጂ እንፋሎቱን አያወጣም።

በቮልስ ላይ ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። የቻርጅ ቀይ መብራት በዳገት ላይ ከበራ ጉዳዩ የባትሪ ላይሆን ይችላል፤ ቺንጋው ተበጥሶ ሞተሩ ያለ ነፋስ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ትርፍ ቺንጋና እርሱን የሚፈታ ቁልፍ በዚህ መንገድ ላይ ከትርፍ ጎማ አይተናነሱም።

ውኃ በሚያቀዘቅዛቸው መኪናዎች ላይ የራዲያተሩ ክዳን ትልቅ ሥራ አለው። በደብረ ማርቆስ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ይህን ከፍ ያደርገዋል፤ ጎሚኒው ያረጀ ክዳን ግን ያለ ምንም የራዲያተር ችግር መኪናውን ያፈላል። ክዳኑ በጋለ ጊዜ ከተከፈተ የፈላው ውኃ በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ይወጣል።

ወደ ጋራዥ የሚሄዱ ሥራዎች

ታምቡር ማስረዝ ቶርኖ ቤት ይፈልጋል፤ ታምቡሩ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ስፋት ካለፈም ይጣላል እንጂ አይረዝም። የዝገት ጉድጓድ ያለበት ዋና ፖምፓ አዲስ ጎሚኒ ቢገባበትም መልሶ ይፈሳል። በብየዳ የተደፈነ የፍሬን ቱቦ ጥገና አይባልም። ቴስታታ ማስለካትና ማስረዝ፣ የሞተር ሙሉ ዕድሳትም እንዲሁ ከቤት ውጭ ናቸው። ለዓመታዊው ምርመራ (ቦሎ) የሚቀርብ መኪና በጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሚደረግ የፍሬን ፍተሻ ቢያልፍም፣ ፍተሻው የሚቆየው ሰከንዶች ስለሆነ የፍሬን ዘይቱ ከግማሽ ሰዓት ቁልቁለት በኋላ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

የኤሌክትሪክ መኪና በዚሁ መንገድ

ወደ አገሪቱ እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች የከፍታው ችግር የለባቸውም፤ አየር ስለማይስቡ ጉልበታቸው በደጋ አይቀንስም። በቁልቁለት ሞተራቸው እንደ ዲናሞ እየሠራ መኪናውን ይይዛል። ከላይ የተሰላው 13.7 ሚሊዮን ጁል 3.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ስለሆነ፣ ከዚህ ጥሩ ድርሻው ወደ ባትሪ ይመለሳል። ይሁንና ባትሪው ደጀን ላይ ሙሉ ሆኖ ቁልቁለቱን ከጀመረ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ሥራው እንደ አሮጌው ቮልስ ወደ ፍሬን ሸራ ይመለሳል።